ለእግር መንገድ የተያዘ በጀት

እኔ ፈሪ ነኝ። ቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ ራሳችሁ ደርሳችሁበት እንዳትስቁብኝ ነው። ውሻ እፈራለሁ፤ ገደል እፈራለሁ፤ መርፌ እፈራለሁ፤ የማላውቀው ቁጥር ሲደወልልኝ ልቤ ትንጠለጠላለች። ከሁሉ አብልጬ የምፈራው ግን ባዶ ኪስ ነው። ደብረ ማርቆስ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የበጀት ሠራተኛ ነኝና ሥራውም አባሰብኝ። ዳቦ ልገዛ የሰፈራችን ሱቅ ስሄድ እንኳ "መጠባበቂያ" ብዬ ካልሲዬ ውስጥ ሁለት መቶ ብር ሳልሸጉጥ ከቤት አልወጣም። ባለቤቴ ማንጠግቦሽ "ይሄ ሰው ለቀብሩም መጠባበቂያ ሳይዝ አይቀርም" እያለች ጎረቤት ታስቅብኛለች። ለቀልድ ነው የምትለው። እኔ ግን ይዣለሁ።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው ከደብረ ማርቆስ ተነስቶ ባሕር ዳር ድረስ፣ ጣና አፋፍ፣ በእግሩ የሄደው። እንዴት ብሎ? በገዛ አፉ ነዋ!

አገር ሰላም፣ መንገዱም ደህና በነበረበት ሰሞን ነው። ማንጠግቦሽ የመጀመሪያ ልጃችንን ልትወልድ ምጥ ያዛትና ሐኪም ቤት ገባች። አንድ ቀን ሙሉ አማጠች። በማግስቱ ረፋድ ላይ አንዲት ነርስ ወረቀት ይዛ ብቅ አለችና "ኦፕራሲዮን ያስፈልጋታል፤ ባል አንተ ነህ? እዚህ ጋ ፈርም" አለችኝ። በቀን መቶ ጊዜ የምፈርም ሰው፣ እናንተዬ፣ ፊርማዬ ጠፋኝ! እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ስሜን በፊደል ጻፍኩ፤ የአባቴን ስም ሳልጽፍ ነርሷ ወረቀቱን ነጥቃኝ ገባች። በሩ ተዘጋ። ግድግዳውን ተደገፍኩና ሰው ይስማኝ አይስማኝ ሳላስብ ጮኽኩ።

"እመቤቴ ማርያም! ሁለቱንም በደህና አውጪልኝ እንጂ፣ ጣና ዳር ካለው ደጅሽ ድረስ፣ ለምኜሽ፣ በእግሬ እመጣለሁ!"

ለምኜሽ ነው ያልኩት። መጨረሻዋ ላይ ሽ አለች። እባካችሁ ይህችን ሽ ያዙልኝ።

አጠገቤ አማቴ ነበሩ። አማቴ የይጁቤ ገበሬ ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ በኋላ መሬታቸውን በሰው እያሳረሱ አራት ልጅ ያሳደጉ፣ ቀጭን፣ ስድሳ ምናምን ዓመታቸውን ተሸክመው ዳገት ላይ የማያለከልኩ ሴት። ሲናገሩ አይጮኹም፤ ሲቆጡም አይጮኹም። የኦዲተር ፊት ነው ያላቸው። ያን ዕለት ኮሪደሩ ላይ ነጠላቸውን አገልድመው መሬት ተቀምጠው ነበር፤ አላለቀሱም፣ አልተሳሉም፣ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። እኔ እንደዚያ ስንፈራገጥ ቀና ብለው አዩኝና አንገታቸውን ደፉ። ብቻ ጆሯቸው ክፍት ነበረ።

ማርያም ሁለቱንም አወጣችልኝ። ሴት ልጅ! እልልታው፣ ገንፎው፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ የሚለው ሰው ጋጋታ ... በደስታ ሰክሬ ሰነበትኩ። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ነው ክርስትና የምትነሳው፤ እኔም ድግሱን በጀት ልይዝለት ቀን እየቆጠርኩ ነበር። ልክ በሃምሳኛው ቀን አማቴ ሕፃኗን አቅፈው፣ እኔን ሳያዩ፣ "ስለቱስ?" አሉ።

"የቱ ስለት?" ልል አስቤ ነበር። ፊታቸውን አይቼ ተውኩት።

"ስለት ያለበት አባት ልጁን ክርስትና አያስነሳም" አሉ። ይህ ሕግ የት እንደተጻፈ አላውቅም። የሰማሁት ከእሳቸው ነው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ግን ልጄን እየዞርኩ መመርመር ያዝኩ። ብታስነጥስ፣ ስለቱ ነው። እንቅልፍ ብታበዛ፣ ስለቱ ነው። ስትስቅ ደግሞ "ማርያም ታግሳኝ ነው እንጂ" እያልኩ ይብሱን እፈራለሁ።

ሰው ሲፈራ ጸሎት ያደርጋል፤ እኔ በጀት ሠራሁ። ከደብረ ማርቆስ እስከ ባሕር ዳር፣ በእግር፣ አሥር ቀን። ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት፣ አልጋ። የጫማ ሶል ማስለጠፊያ። የቁስል ፕላስተር። ውሻ ከነከሰኝ የሐኪም ቤት። ውሻውን ሰው አዞብኝ ከሆነ ደግሞ የጠበቃ። ለራሴም በደረጃዬ ልክ ውሎ አበል አሰብኩ፤ ለማርያም የሚሄድ ሰው አበል አይከፈለውም የሚል መመሪያ አላየሁም። በመጨረሻም "ያልታሰበ ፍርሃት" የሚል ርዕስ ከፍቼ፣ በጠቅላላው ላይ አሥር በመቶ መጠባበቂያ ጫንኩበት። በሦስት ኮፒ አትሜ፣ አማቴ ማንበብ ስለማይችሉ ፊታቸው ቆሜ ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው።

"ጨረስክ?" አሉ።

"ጨረስኩ እማማ።"

"ይሄ ሁሉ ብር ለምኑ ነው?"

"ለመንገዱ ነዋ።"

"መንገዱ ብር ይበላል?"

"እኔ እበላለሁ እንጂ።"

"አንተማ ለምነህ ነው የምትበላ። 'ለምኜ በእግሬ እመጣለሁ' ብለህ የለም እንዴ?"

ሦስቱንም ኮፒ ደረቴ ላይ አቀፍኩ።

"ኧረ ለምኜሽ ነው ያልኩት!"

"ለምኜ ነው ያልከው።"

"ሽ አለችበት እኮ እማማ! መጨረሻዋ ላይ!"

"እኔ ሽ አልሰማሁም። ጆሮዬ ደግሞ ደህና ነው።"

መቼም አገራችንን ታውቁታላችሁ። ለምኜ አስገባለሁ ብሎ የተሳለ ሰው፣ ባለ ፎቅ ቢሆን፣ ጃንጥላውን ይዞ ደጅ ለደጅ "ስለ ማርያም" እያለ ዞሮ የሰው ሳንቲም ሰብስቦ ካላስገባ ስለቱ አልደረሰም። ከኪሱ አውጥቶ ቢሰጥ አይቆጠርለትም። በአንዲት ሽ ምክንያት ከባለበጀትነት ወደ ለማኝነት ወረድኩላችሁ ማለት ነው። ደግሞ በየት? በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ ... በየከተማው የሚያውቀኝ ሰው ባለበት!

ይግባኝ ጠየቅኩ። የአማቴ ንስሐ አባት ደብረ ኤልያስ ያሉ የቅኔ መምህር ናቸው፤ እሳቸው ዘንድ ሄድን። የሞኝነቴን ልክ እዩልኝ፤ በአንዲት ፊደል የተጣላሁትን ክርክር ፊደል ሲሰነጥቁ ውለው የሚያድሩ ሰው ዘንድ ይዤ ሄድኩ። የኔታ ጉዳዩን ሲሰሙ ዐይናቸውን ጨፈኑ። በደስታ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ካገኙ ሰንብተዋል መሰለኝ።

"'ለምኜሽ' ካልክ የለመንከው እርሷን ነው" አሉ። "'ለምኜ' ካልክ የምትለምነው ሰውን ነው። ሰሙም ልመና፣ ወርቁም ልመና። ምኑን ነው የምትሸሸው ልጄ?"

"ሽዋስ የኔታ?"

"ሽዋን ማርያም ሰምታታለች። አማትህ አልሰሟትም። ከሁለቱ አብልጠህ የምትፈራው ማንን ነው?"

መልሱን ሦስታችንም እናውቀው ነበር። የኔታ በጀቴን ተቀበሉኝና እስክሪብቶ ጠየቁ። ቁርስ፣ ሰረዙ። አልጋ፣ ሰረዙ። ውሎ አበል ላይ ሲደርሱ ሁለቴ ሰረዙበት። ታች ደርሰው ግን እስክሪብቶውን አነሱ። "ይህችን 'ያልታሰበ ፍርሃት' ያልካትን አልነካትም። እሷን ያዝ፤ ታስፈልግሃለች" ብለው ወረቀቱን መለሱልኝ።

ስንወጣ አማቴ፣ "እኔም አብሬህ እሄዳለሁ" አሉ።

"እርስዎ? ያን ሁሉ መንገድ? ለምን ይደክማሉ እማማ?"

"ማን ያይሃል ታዲያ? መስካሪ የሌለው ልመና ምን ይታወቃል።"

ስልኬንም አስቀሩኝ። ስልክ ከያዝኩ ደውዬ አስልካለሁ እንጂ አልለምንም አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ልክ እንደዚያ ነበር ያሰብኩት። የእሳቸውን ስልክ ደግሞ ታናሽ ልጃቸው ይዞታል። እኔ፣ በኪሴ መጠባበቂያ ሳልይዝ ሽንት ቤት የማልገባ ሰው፣ ያለ አምስት ሳንቲም ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው መንገድ! ልሙት እንጂ አላደርገውም አልኩ በሆዴ። ከቢሮ የፋይል መስፊያ መርፌና ሲባጎ አመጣሁና፣ አማቴ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ጠብቄ፣ አራት ሺህ ብር በሁለት መቶ ብር ኖት ከጃኬቴ ገበር ውስጥ ሰፋሁት። መርፌ እንደምፈራ ነግሬአችኋለሁ፤ ሁለት ጣቴን ወግቼ፣ በደሜ ነው የሰፋሁት።

ሰማንያ ቀኗ ሊሞላ አሥራ ስድስት ቀን ሲቀረው ተነሳን። አማቴ ከፊት፣ አንገታቸው ላይ የስለት ከረጢት፣ በእጃቸው ዘንግ። እኔ ከኋላ፣ ጃንጥላ ይዤ። ደንባቸው አጭር ነው፤ የሚበላ ከተሰጠን እንበላለን፣ ሳንቲም ከተሰጠን ከረጢት ይገባል፣ ከከረጢት የሚወጣ ነገር የለም።

የመጀመሪያው ቀን አመሻሽ ላይ ከመንገድ ወጣ ያለ ግቢ ደረስን። "የእግዜር እንግዶች ነን፣ አሳድሩን!" አሉ አማቴ። መልስ የሰጡን ሁለት ውሾች ናቸው። የሆነውን በትክክል አላስታውሰውም። ብቻ ልብ ስገዛ፣ ጃንጥላውን ዘርግቼ፣ ከአማቴ ጀርባ ቁጢጥ ብዬ፣ ቀሚሳቸውን በሁለት እጄ ጨምድጄ ይዤአለሁ። አማቴ ምንም አላደረጉ፤ ድንጋይ እንደሚያነሳ ሰው ጎንበስ አሉ። ውሾቹ ጭራቸውን እግራቸው መሐል ሸጉጠው ሄዱ። የግቢው ባለቤት ወጥቶ አየንና፣ "ሰውዬውን አሞታል እንዴ?" ብሎ ጠየቀ።

"የልጄ ባል ነው" አሉ አማቴ፣ የበሽታውን ስም እንደሚናገር ሰው።

ሰውየው አስገባን። ሚስቱ ሙቅ ውሃ አምጥታ እግሬን አጠበችኝ። ትኩስ ሽሮ ቀረበልን፤ መደቡ ላይ አጎዛ ተነጠፈልን። ይህ ሁሉ ሲሆን እኔ ምን አደርጋለሁ? በሆዴ እደምራለሁ። እግር ማጠቢያ ይህን ያህል፣ እራት ይህን ያህል። ነፃ ነገር ያስፈራኛል፤ በኋላ ሂሳቡ ተጠቃሎ የሚመጣ ይመስለኛል። ጠዋት ስንወጣ እጄ ሳላዘው ወደ ጃኬቴ ገበር ሄደ። አማቴ ዞር ብለው አዩኝ። አካክቼ መለስኩት።

ልመናው ግን አልወጣልኝም። ቃሉ ሦስት ነው፤ "ስለ ማርያም፣ የስለት።" ሰው ፊት ስደርስ ጃንጥላውን ፊቴ ላይ እደፋለሁ። ስለዚህ አማቴ እየጮኹ፣ እኔ ከጀርባቸው ሆኜ እንደ ሰነፍ ዲያቆን ከንፈሬን ብቻ አንቀሳቅሳለሁ። እንዲህ እያጭበረበርኩ ደምበጫ ገባሁ።

የገበያ ቀን ነበር። ፈረሱ፣ ባጃጁ፣ ጤፍ የጫነው አህያ ተደበላልቆ መንገዱ ጢም ብሏል። ጃንጥላውን ፊቴ ላይ ደፍቼ እየሄድኩ፣ በጃንጥላው ሥር የማውቀው ጫማ አየሁ። ከእኛ መሥሪያ ቤት ወደ ደምበጫ የተዛወረ የግዢ ሠራተኛ ነው። ጎንበስ ብሎ አየኝ።

"አንተ! አንተ ነህ?"

"ስለት ነው" አልኩ ቶሎ ብዬ።

ከላይ እስከ ታች አየኝ። ጭቃ የነከረው ሱሪዬን፣ አማቴን፣ ከረጢቱን። ፊቱ በኀዘኔታ ተኮማተረ። ጆሮዬ ጋ ጠጋ ብሎ፣ "ኦዲት ገብቶ ነው አይደል? ስንት ጎደለብህ?" አለኝ።

"ኧረ ስለት ነው! ሚስቴ ወልዳ!"

"እሺ፣ እሺ። ስለት እንበለው። እኔ ለማንም አልናገርም" አለና አሥር ብር ከረጢቱ ውስጥ ጨምሮ፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ሄደ።

ለማንም እንዳልተናገረ ያወቅኩት ፍኖተ ሰላም ስንደርስ ነው። አንድ በወርክሾፕ የማውቀው ሰው ከመንገድ ማዶ አይቶኝ እየሮጠ መጣና፣ "ሰማሁ። አይዞህ፣ ሁሉም ያልፋል፤ ዋናው አለመታሰርህ ነው" አለኝ። ቡሬ ላይ ደግሞ የጎደለብኝ ገንዘብ ግማሽ ሚሊዮን ደርሶ ጠበቀኝ። አሁን እንግዲህ ስመለስ ሥራዬን አገኘው ይሆን ብዬ ልፍራ፣ ወይስ የተረከዜን ቁስል ልፍራ፣ ወይስ ያለፍነውን ቀን ልቁጠር? አሥር ቀን ያልኩት መንገድ ዘጠኝ ቀን ፈጅቶብን ገና እንጅባራም አልደረስንም። በየቤቱ እየቆሙ እየለመኑ መሄድ ስንት ሰዓት እንደሚበላ በጀቴ ላይ አላሰብኩትም ነበር። አማቴን ስለ ውሻው፣ ስለ ሥራዬ፣ ስለ እግሬ፣ ስለ ቀኑ ስነግራቸው እዋላለሁ። እሳቸው ዘንጋቸውን እየተከሉ ይሄዳሉ።

እንጅባራ ስንደርስ ጉሙ ሰው ከሰው አያሳይም፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከቤት ከወጣሁ ወዲህ ስለ ልጄ ምንም አልሰማሁም። አላስቻለኝም። አንድ ስልክ ጠጋኝ ሱቅ በር ላይ ቆምኩና ለመጀመሪያ ጊዜ በራሴ አፍ ለመንኩ።

"ወንድሜ፣ ስለ ማርያም፣ አንዲት ደቂቃ ደውልልኝ። ሚስቴ አራስ ናት።"

ሰውየው ደግ ነው፤ ደወለልኝ። በቃሌ የማውቀው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ የማንጠግቦሽን። "የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም" አለች ሴትየዋ። ድገምልኝ አልኩት። ደገመልኝ። አይችሉም። ሦስተኛም ሞከረ። አይችሉም አለች፣ ያቺ ድምፅ፣ ምንም ሳይመስላት።

ማንጠግቦሽ ስልኳን የምታጠፋ ሰው አይደለችም። ታማለች። ልጅቷ ታማለች። ሐኪም ቤት ናቸው። ያቺ ነርስ እንደገና ወረቀት ይዛ ወጥታለች፤ የሚፈርም የለም። በራሴ ውስጥ ይህ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አለፈ። ከዚያ ጃኬቴ ከበደኝ። እንዲህ ስል አታጋንን እንዳትሉኝ፤ የእውነት ከበደኝ፣ ድንጋይ እንደተሸከምኩ። ማርያምን ለምኜ እመጣለሁ ብዬ፣ አራት ሺህ ብር ጃኬቴ ገበር ውስጥ ሰፍቼ፣ የድሃ ሽሮ እየበላሁ! ልጄን ያጠፋኋት እኔ ነኝ!

ከከተማው ወጣ እንዳልን ባሕር ዛፍ ሥር ተቀመጥኩና ጃኬቴን አውልቄ ገበሩን በጥርሴ ቀደድኩት። አማቴ ዘንጋቸውን ተደግፈው ያዩኛል። ብሩን በሁለት እጄ አቀረብኩላቸው። እንባዬም ይወርዳል።

"ስንት ነው?" አሉ።

"አራት ሺህ።"

"እኔስ ሦስት መስሎኝ ነበር።"

"ያውቃሉ እንዴ?!"

"ገና ከማርቆስ ስንወጣ ጀምሮ በተገላበጥክ ቁጥር እንደ በቆሎ ገለባ ትንኮሻኮሻለህ። እንዴት አላውቅ?"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?"

"ስለቱ ያንተ ነው" አሉ። ብሩን ተቀብለው ከረጢቱ ውስጥ ከተቱት። የከረጢቱን አፍ ሲቋጥሩ ሦስት ጊዜ ሳቱት። ብርዱ ነው ብዬ አለፍኩት።

ከዚያ ወዲያ የሄድኩት ሌላ ሰው ሆኜ ነው ብል አትመኑኝ፤ ያው ፈሪው ነኝ፣ እንዲያውም የባሰ። ግን ልመናው ወጣልኝ፤ እግሬም ፈጠነ። ዳንግላ ከተማ መሐል ቆሜ "ስለ ማርያም! የስለት!" ብዬ ስጮኽ ባጃጆች ቆሙ። ማፈር የሚባለው ነገር ከየት መጥቶ። ሰው ይስማኝ ብዬ አልነበረም የምጮኸው፤ እርሷ ትስማኝ ብዬ ነው። የሚያውቀኝ ሰው ቢያየኝም አየኝ፤ ግማሽ ሚሊዮኑ አንድ ሚሊዮን ቢገባ ይግባ። ዳንግላ ላይ ደወልኩ፣ አይችሉም። መራዊ ላይ ደወልኩ፣ አይችሉም። አማቴ በእነዚያ ቀናት እህል አልቀመሱም ማለት ይቻላል፤ "ጾም ነው" ይሉኛል ስጠይቃቸው። ረቡዕም ዓርብም ባልሆነበት ቀን ጭምር። እኔ ግን የራሴን ፍርሃት ተሸክሜ ነበርና አላስተዋልኩም።

በአሥራ አራተኛው ቀን ጠዋት ደረስን። የደጁን ድንጋይ ሳምኩ። አማቴ ከረጢቱን ከአንገታቸው አወለቁ፤ ለገንዘብ ተቀባዩ ቄስ አስረከብን። ቄሱ "በማን ስም ልበል?" ሲሉኝ የልጄን ስም ጠራሁ፤ ስሟን ጮክ ብዬ መጥራት እስከዚያች ሰዓት ድረስ ፈርቼ ኖሬአለሁ። ከረጢቱ ተራግፎ ባዶውን ተመለሰልን። ስለቱ ደረሰ። አለቀ። ከነገ ወዲያ ደግሞ ልጄ ሰማንያ ቀኗ ነው፤ ክርስትና የምትነሳበት ቀን። አለች ወይ ነው እንጂ ጥያቄው።

ቀጥታ መናኸሪያ ሄድን። እዚያ ለሚዞር አንድ ሎተሪ አዟሪ ነገሩን ነግሬ፣ እባክህ ብዬ፣ ቁጥሩን ነገርኩት። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩ። ጠራ! እናንተዬ፣ ጠራ! ሦስቴ ጠራና ተነሳ።

"ሃሎ? ማነው?" የማንጠግቦሽ ድምፅ ነው። ከኋላዋ ልጄ ታለቅሳለች። እንዴት ያለ ለቅሶ! ጤነኛ፣ የጠገበ፣ ሰፈር የሚያውክ ለቅሶ። አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ አልወጣም። "ሃሎ! ማነው? አንተ ነህ? ስልኬን እኮ ከልጅቷ ጨርቅ ጋር አብሬ አጥቤው ... ትናንት ነው ሌላ የገዛሁት ... ሃሎ!"

አማቴ ስልኩን ከእጄ ነጠቁኝ።

"ማንጠግ" አሉ። "ማንጠግቦሽ። አለሽ? አለሽ ልጄ?"

"አለሁ እማዬ! ምነው? ምን ሆናችሁ?"

አማቴ መናኸሪያው መሐል፣ አቧራው ላይ፣ ቁጭ አሉ። ከዚያ አለቀሱ። ድምፅ አውጥተው፣ "አለሽ ልጄ፣ አለሽ" እያሉ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ እንደ ጅል አያቸዋለሁ። አሥራ አራት ቀን ሙሉ የእኔን ፍርሃት አንድ በአንድ ሳስቆጥራቸው፣ እኚህ ሴት የራሳቸውን አንድም ቀን አልነገሩኝም። እኔ ልጄን ስፈራ እሳቸውም ልጃቸውን ፈርተው ነበር። ኮሪደሩ ላይ መሬት ከተቀመጡባት ሰዓት ጀምሮ። አፈርኩ። እንደዚያ አፍሬ አላውቅም፤ ደምበጫ ገበያ ላይም ቢሆን።

"ካርዴ እያለቀ ነው እኮ" አለ ሎተሪ አዟሪው፣ እሱም ዐይኑን እየጠረገ።

አማቴ ስልኩን እንዴት እንደያዙት እንጃ፣ የማንጠግቦሽ ድምፅ ለመናኸሪያው ሁሉ ይሰማል። "እማዬ፣ በቃ አታልቅሺ! ክርስትናው ከነገ ወዲያ ነው፤ ዛሬውኑ ተሳፈሩ። የመሳፈሪያ ብር አላችሁ?"

አማቴ በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉ። የኦዲተር ፊታቸው ቀስ ብሎ ተመለሰ።

"ብር ምን ያደርግልናል" አሉ፤ "ባልሽ አብሮኝ አይደል።"

እኔማ ልመናውን ትኬት ከሚጠብቀው ሰልፍ መጨረሻ ላይ ካለው ሰውዬ ጀምሬ ነበር።